ከመተሐራ እስከ አዋሽ

ወለንጪቲ
ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ግድግዳ ለምትጋራኝ እህቴ ለመይሙና፤

ሰላምታዬ ከአንቺ ጀምሮ እስከ ግቢያችን ቧንቧ ድረስ ለሁሉም ይዳረስ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያኮርፋል፣ ሲሞቀው ይታረቃል። ቪክሱን ትቀቢያለሽ ወይ ላልሽኝ፣ እቀባለሁ። ፀሐይቱም ትቀባለች፣ ሌሎቹም ይቀባሉ። አንድ ቪክስ ለአሥራ አራት መንገደኛ ስንት ቀን እንደሚቆይ አንቺው ገምቺ።

ደብዳቤሽ ቢሾፍቱ ላይ ደርሶኝ ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስንሄድ ውለን ከተቀመጥኩ እጄ እንኳ አይታዘዘኝም። ዛሬ ግን አማችሽ ሰላሃዲን ከድሬዳዋ ሲመለስ አይሱዙውን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቁሞ፣ መልስ ሳልይዝ ብገባ መይሙና ምሳ አትሰጠኝም ብሎ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው።

ስልክሽን ለምን እኔ ዘንድ ተውሽው ብለሽ ጠይቀሽኛል። ስልክ ይዤ ብወጣ ከጌጃ ሰፈር አልወጣሁም ማለት ነው። አንዷ ቀሚሴስ፣ ሌላው ሱሪዬስ እያለ እስከ ቁልቢ ድረስ ስሰፋ ልሄድ ነው። ለገብርኤል በእግሬ እመጣለሁ ብዬ ተስዬ በጆሮዬ ሱቄ ውስጥ ብቀመጥ ምን ዋጋ አለው?

ለምን በስልሳ አንድ ዓመትሽ፣ ለምንስ እንደ ሰው በአውቶቡስ አልሄድሽም ላልሽው፣ ስለቱ በእግር ስለሆነ ነው። ስለቱ ምን እንደሆነ ሃያ ሰባት ዓመት ጎረቤቴ ሆነሽ ያልነገርኩሽን በወረቀት አልነግርሽም።

መንገዱ ጥሩ ነው። ከልደታ እንደወጣን አቃቂ አደርን፣ ከዚያ ዱከም፣ ከዚያ ቢሾፍቱ። ሞጆ ላይ የቆዳው ሽታ ተቀብሎን እሱው ሸኝቶናል። ከዚያ እንግዲህ ወለንጪቲ ነው። መሪያችን ጋሽ ሚደቅሳ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ሰባት ጊዜ በእግራቸው ቁልቢ ደርሰዋል። ፀሐይቱን ታውቂያታለሽ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በርበሬ የምትሸጠው ናት፤ መንገዱን ሙሉ ስታስቀን ነው የምንውለው። ለታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ንግሥ እንደርሳለን፣ አትስጊ።

የሲንጀሬን ነገር አደራ። ደንበኛ ቢመጣ ስመለስ በያቸው። አንቺ እንዳትነኪው።

ደሚቱ


ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለደሚቱ፤

ሰላም ላንቺና አብረውሽ ለሚደክሙት ሁሉ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ቧንቧው ሰላምታሽ ደርሶታል፤ መልስ ግን አልሰጠም፣ ከእሁድ ጀምሮ ውሃ ጠፍቷል። ሦስት ቪክስ ልኬልሻለሁ። ሁለቱን ለሕዝቡ አውጪ፣ አንዱን ደብቂ፤ ኃጢአቱን እኔ እወስዳለሁ። ካልሲውም ወፍራም ነው፣ ተክለ ሃይማኖት ከሚሸጠው ሰውዬ ጋር ተጨቃጭቄ ያመጣሁት ነው።

ሲንጀርሽን ጠይቀሻል። በቦታው አለ። መምህር ጃርሶ ሱሪያቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበር። ደህና ናቸው። ስለ እሳቸው ሌላ የምጽፈው የለም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሞጆ ብለሻል፣ ቀጥለሽ ወለንጪቲ ብለሻል። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም በመሀል አዳማ የምትባል ከተማ እንዳለች አውቃለሁ። በላይዋ በረርሽ? ስሙን እንዳልጠራብሽ ካስማልሽኝ አራት ዓመት ሆነ፣ መሐላዬን አላፈረስኩም። እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ከተማ ነው።

ሌላም ወሬ ነበረኝ፣ ግን ይቆይ። መጀመሪያ የጠየቅኩሽን መልሺልኝ።

መይሙና


በሰቃ ሐይቅ አጠገብ
ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመይሙና፤

እንደምን ሰነበትሽ? ካልሲው እግሬን ከፀሐይቱ ምላስ በቀር ከሁሉም አዳነው፤ ስለ ካልሲዬ ማማር ትዘፍናለች። ሰላሃዲን ወደ ድሬዳዋ እየወረደ ነው፤ ይህን ወደ ላይ የሚወጣው ጓደኛው ረሻድ ያደርስልሻል።

አልበረርኩም። አዳማ የገባነው እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ከጋሽ ሚደቅሳ ጀርባ ተሸሽጌ በዋናው መንገድ አለፍኩ። ከአንድ ጸሎት ቤት መዝሙር ይሰማል። የሱ ይሁን የሌላ አላውቅም። ቆምኩና ጫማዬን እንደማሰር ሆንኩ። ፀሐይቱ ተመልሳ እግርሽን አመመሽ እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት። እግሬ ግን ደህና ነበር።

ብገባስ ምን እላለሁ? በአባቱ በሂርጳ አርባ ቀን፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ በተቀመጠበት፣ «ለሞተ ሰው ድግስ ምን ያደርግለታል» ያለው እሱ ነው፤ እውነት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ በሬን እንዳትረግጥ» ያልኩት ግን እኔ ነኝ። አልረገጠም። ታዛዥ ልጅ ነው ያሳደግኩት።

ሃይማኖቱን ሲቀይር አልቅሼ ነበር፣ ግን ለምጄው ነበር መይሙ። ሰው ፊት የአባቱን ተዝካር ማቃለሉን ነው ያልለመድኩት። አግብቶ መውለዱንም ከሰው ሰማሁ፤ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አልጠየቅኩም። አንቺ ሳታውቂ አትቀሪም። አትንገሪኝ።

ይኸው ጠየቅሽኝ፣ መለስኩልሽ። በዚህ ይብቃ። ነገ መተሐራ ደርሰን እናርፋለን። ቅዳሜ ረጅሙ ቀናችን ነው። ከመተሐራ እስከ አዋሽ በመሀል ፓርኩ ስለሆነ ማደሪያ የለም፤ ጎህ ሲቀድ ወጥተን ሳይመሽ አዋሽ መግባት አለብን። ጋሽ ሚደቅሳ ጉልበት ያለው ጉልበቱን፣ የሌለው ወሬውን ይቀንስ ብለዋል። ፀሐይቱ ተቀይማለች።

ደሚቱ


ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለደሚቱ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ሁለት ጥፋት አጥፍቻለሁ። ከትንሹ ልጀምር።

መምህር ጃርሶ ለስብሰባ ነው፣ አንድ ስፌት ብቻ ነው የቀረው ብለው ለመኑኝ። ሲንጀርሽን ነካሁት። የሱሪያቸው አንድ እግር በአራት ጣት አጠረ። ለማስተካከል ሌላውን ቆረጥኩ፣ እሱ ደግሞ በአምስት አጠረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም፤ አሁን ቁምጣ ነው። እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው፣ ለሶደሬ ይሆነኛል ብለው ወሰዱት።

ትልቁ እንዲህ ነው። ባለፈው እሁድ ስልክሽ ጠራ። ስም የለውም፣ አጥፍተሽዋል፤ ቁጥሩን ግን እኔ አውቀዋለሁ። በየዒዱ እንኳን አደረሰሽ ሊለኝ ይደውልልኛል፣ ከዚያ «እናቴስ?» ይላል፣ ደህና ናት እለዋለሁ፣ እሺ ብሎ ይዘጋል። አራት ዓመት እንዲሁ ነው። አንቺ ስሙን እንዳልሰማ ስላልሽኝ አልነገርኩሽም። በዚህም ይቅር በዪኝ፤ ሦስት ሆነ መሰለኝ።

እሁድ ዕለት ድምፁ ሌላ ነበር። «እትዬ መይሙና፣ እናቴን አዳማ መንገድ ላይ ያየኋት መሰለኝ» አለኝ። «ነጠላ ተከናንባለች፣ ፊቷን አላየሁም፤ አካሄዷ ግን የሷ ነው። ጫማዋን ልታስር ጎንበስ አለች። ልሄድ ብዬ እግሬ እምቢ አለኝ።» ምን ልበለው? በእግሯ ቁልቢ እየሄደች ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየደወለ የት ደረሰች ይለኛል። የወለንጪቲ ደብዳቤሽ ላይ አዳማን የፈለግኩት ለዚህ ነው። ትናንት የጻፍሽው ሲደርሰኝ ደግሞ እኔው ደወልኩለት፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከመተሐራ ትወጣለች ብዬ ነገርኩት።

መሐላዬን አላፈረስኩም። የሱን ስም ለአንቺ አልጠራም አልኩ፣ አልጠራሁም። ያንቺን ስም ለሱ እንዳልጠራ ግን አላስማልሽኝም።

ይህን ረሻድ ነው የሚያመጣልሽ፤ መኪናው ጎማ ላይ ችግር ስላለበት መች እንደሚነሳ አላህ ነው የሚያውቀው። ከልጁ ቀድሞ ከደረሰ ተዘጋጂ። ልጁ ከቀደመ ይቅር በዪኝ።

መይሙና


አዋሽ ሰባት
ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመይሙና፤

ደብዳቤሽ አሁን፣ አመሻሹ ላይ ደረሰኝ። እሱ ጠዋት ነው የደረሰው። ስለዚህ አልተቀመጥኩም፣ እንደቆምኩ ነው ያገኘኝ።

ቁጣዬን ፈልጌ አጣሁት። በመምህር ጃርሶ ሱሪ ግን ተቆጥቻለሁ፤ እሱ ለብቻው ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ጎህ ሲቀድ ልንወጣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንሰባሰብ፣ ከመንገዱ ማዶ ነጭ ስኒከር ያደረገ፣ ኮፍያ የደፋ ረጅም ሰው ቆሟል። ጋሽ ሚደቅሳ መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ መስሏቸው እንደምን አደርክ አሉት። እግዚአብሔር ይመስገን ሲል ድምፁን ሰማሁ። አራት ዓመት ሙሉ ባገኘው እንዲህ እለዋለሁ ብዬ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ግማሹን አንቺም በግድግዳው ሳትሰሚው አልቀረሽም። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው «ቁርስ በልተሃል?» የሚል ብቻ ነው።

በልቻለሁ አለ። ከዚያ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርዶ ያዘው። ለቀቅኩለት። ሄድን።

የከተማው ቤት አለቀና ሜዳው ተከፈተ። በስተግራ የፈንታሌ ተራራ፣ ከእግሩ ሥር ጥቁር ድንጋይ፣ እንደተቃጠለ ዳቦ ያረረ። የጂቡቲ ተሳቢዎች ባለፉ ቁጥር ነፋሳቸው ነጠላችንን ይገፈዋል። ካረዩዎች ግመሎቻቸውን ይዘው አለፉ፤ ጋሽ ሚደቅሳ በኦሮምኛ ሰላም አሏቸው፣ ሽማግሌው ቆመው መረቁን። ከፓርኩ በኩል ሳላ አየን፤ ቀንዷ እንደ ሁለት ጦር ቀጥ ያለ፣ ቆማ ታየናለች። ሁለት ሰዓት ያህል ስንሄድ እኔና እሱ የተነጋገርነው ስለ ሳላዋ ብቻ ነው። ትልቅ ናት አልኩ። ትልቅ ናት አለ።

ፀሐይቱ ማን መሆኑን ሳልነግራት ገብቷታል። ወሬዋን ቆርጣ ወደ ፊት ሄደችልን። ለእሷ ይህ ከጾሙም ይከብዳታል።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ማነከስ ጀመረ። ባንክ ቤት ወንበር ላይ ውሎ የሚገባ ሰው በአዲስ ጫማ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ልሄድ ብሎ መምጣቱ ነው እንግዲህ። ምንም አልሆንኩም ይላል፣ ፊቱ ግን እንደ በርበሬ ቀልቷል። አንዲት ግራር ሥር አስቀመጥኩትና ጫማውን አወለቅኩት። ሁለቱም ተረከዙ ውሃ ቋጥሯል። መርፌና ክር መቼም አይለየኝም። መርፌውን በሳኒታይዘር ጠርጌ ውሃ የቋጠረውን ወጋሁት፤ ውሃው እንዲወርድ ክሩን አሳልፌ እዚያው ተውኩለት። ጋሽ ሚደቅሳ ያስተማሩን ነው። እግሩ ጭኔ ላይ ነበር፣ መይሙ። አርባ ሦስት ቁጥር እግር። ስገዛለት የነበረው ጫማ እጄ ላይ ይቆም ነበር።

እዚያ ነው የጠየቀኝ።

«እማዬ፣ ምን ብለሽ ተስለሽ ነው እንዲህ የምትደክሚው?»

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሂርጳ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እሱ ደግሞ ልጁ ከሰማ ይኮራብናል እያለ ከለከለኝ፣ በኋላም ሥራው፣ ኑሮው፣ ጉልበቴ ስል መንገዱን ሳልነሳ ዓመቱ ሄደ። ለገብርኤል ጥላ በሰው እልክ ነበር። ስለቱ ግን ጥላ አልነበረም። መጀመሪያ የምነግረው ለአንቺ መስሎኝ ነበር፤ ይቅርታ፣ ቀደመሽ።

«ገብርኤልን፣ አንተን እንዲሰጠኝ ብዬ» አልኩት። «አሥራ አንድ ዓመት መክኜ ነበር። ከሰጠኸኝ ከልደታ እስከ ደጅህ በእግሬ እመጣለሁ አልኩ። በዓመቱ ተወለድክ። ይኸው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አልሄድኩም። በመጨረሻ የተነሳሁት አንተን ካጣሁ በኋላ ነው፤ ስለቴን ስላላደረስኩ ነው የወሰደብኝ ብዬ።»

ተረከዙ ላይ የተውኩትን ክር በጣቱ ነካ አደረገው። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት። የሚከራከረኝ መስሎኝ ነበር። እነሱ ስለት የሚባል ነገር እንደማይወዱ ታውቂያለሽ።

«እኔን የሰጠሽ እኮ እግዚአብሔር ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ገብርኤል ሌላ ምን አለ? መልእክተኛ ነው» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከፊት የነበረችው ፀሐይቱ ምን እንዳሳቀን ሳታውቅ ዘወር ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ወሬው እንደ ቧንቧ ሆነ፤ ጠፍቶ ጠፍቶ ሲመጣ መዝጊያ የለውም። የአባቱን አርባ አነሳ። «ያመንኩትን አልክድም፤ ቦታውን ግን አጥፍቻለሁ። አባዬን የሚወዱ ሰዎች ፊት ነበር» አለኝ። እኔም «አንተ ቦታውን አጠፋህ፣ እኔ ቃሉን። በር ለሰው ይዘጋል፣ ለልጅ እንዴት ይዘጋል?» አልኩት። ይቅር ተባባልን የሚል ቃል ማናችንም አልተናገርንም። እኔ ሁለተኛውን ተረከዝ ስወጋ እሱ ወይኔ አለ፤ ያኔ ያለቀ ይመስለኛል።

ሴት ናት። ኢሊሊ ትባላለች፣ ስምንት ወሯ ነው። ስልኩ ላይ አሳየኝ፤ ፀሐዩ ስለበረታ ነጠላዬን ለሁለት ተከናንበን ነው ያየናት። ጆሮዋ የሂርጳ ነው፤ ምስኪን። ስለ ጆሮው ላልነግረው ፈልጌ ነበር፣ ግን እሱው ቀድሞ «ጆሮዋን አየሽ?» አለኝ።

ሚስቱ ፋዮ ዳቦ ቆሎ ጋግራ ልካልኛለች። ልመልስ ስል «ቅቤ የለውም በላት፣ ጾም መሆኑን አውቃለሁ፣ በዘይት ነው ያሸሁት በላት ብላኛለች» አለኝ። ፊቴን አይታ የማታውቅ ልጅ ናት። መይሙ፣ ሰው ጾምሽን አስታውሶ እንዲህ ሲያስብልሽ ምን ይባላል? ግማሹን በላሁት፤ ሌላውን ለጉባኤው አዳረስኩ። ጋሽ ሚደቅሳ ሁለቴ ዘገኑ።

ስንነሳ ስኒከሩን ሊያጠልቀው አልቻለም። የፀሐይቱን ትርፍ ሸበጥ አደረገ፤ ሮዝ ነው፣ ቢራቢሮ አለበት፣ ተረከዙ በስተኋላ ይወጣል። የሱን ቦርሳ እኔ ተሸከምኩ፣ የኔን እንቢ ብሎ እሱ ያዘ፤ በስተመጨረሻ ሁለቱንም እኔ ያዝኩ። ሊረዳኝ የመጣ ልጅ! ሰላሃዲን ከድሬዳዋ ተመልሶ አዋሽ ቆሞ ኖሮ፣ ሊቀበለን ወጥቶ መንገድ ላይ አገኘንና መኪና ላይ ላውጣው ቢል፣ ገመቺስ «እሷ እየሄደች?» ብሎ አልወጣም አለ። ስሙን ጻፍኩት፤ አንቺም ከመሐላሽ ተፈትተሻል።

አዋሽ ስንገባ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ሰንበቴ ቤት በር ላይ ስሰናበተው እንደ ድሮው ልመርቀው እጄን አነሳሁና መሀል ላይ ቆመብኝ፤ ይቀበለው ይሆን ብዬ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጠበቀኝ። መረቅሁት። አሜን አለ፣ ጮክ ብሎ፣ እነሱ እንደሚሉት።

ማደሪያ ይዟል፤ ነገ በመጀመሪያው መኪና ወደ አዳማ ይመለሳል። ሰላሃዲንም እዚሁ ስለሚያድር ይህን ጠዋት እሰጠዋለሁ። ከቁልቢ ስመለስ አዳማ እወርዳለሁ። አንቺም ነይ። ፔንጤ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገቡ ምን እንደሚያዝ አላውቅም፤ ብቻዬን አልገባም።

ደሚቱ


እሁድ፣ ታኅሣሥ 5፣ ከቅዳሴ በኋላ

መይሙ፣ ሳልሰጠው የቀረሁት ለዚህ ነበር መሰለኝ፤ ልጨምርበት።

ከቅዳሴ ስወጣ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ያንን የፀሐይቱን ሸበጥ አድርጎ፣ ስኒከሩን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። መኪናው አመለጠህ ወይ አልኩት። አላመለጠኝም፣ ሁለት አልፈዋል አለ። ለፋዮ ደውሎላታል፤ እሷም ከወጣህ አይቀር ብላዋለች። ከሥራ እስከ ማክሰኞ ፈቃድ ጠይቋል።

«እሁድ ነው፣ ጸሎት ቤትህስ?» አልኩት።

«መንገድ ላይም ይጸለያል» አለኝ። ከዚያ፣ ጋሽ ሚደቅሳ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቁልቢ አልገባም እማዬ፣ እንዳታስቢው። እስከ ቦርደዴ፣ የሁለት ቀን መንገድ ብቻ ነው» አለኝ።

እሺ አልኩት። እስከ ቦርደዴ ብቻ።

ሰላሃዲን ሞተሩን አስነስቷል፣ ጋሽ ሚደቅሳም ተነሱ እያሉ ነው። ገመቺስ ደግሞ ከበላዬ ቆሞ «እማዬ፣ ጨርሺ እንጂ፣ ወደ ኋላ ታስቀሪናለሽ» ይለኛል። የሚያነክሰው እሱ ነው።

ደሚቱ